ወንዱን ትሪፕስ ያጣሁበት ክረምት

ትሪፕስ ከሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት መካከል ስሙ ገና ያልታተመ አንድ ዝርያ አካሉ እንዴት እንደተሠራ ጽፌ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሦስቱ አንዱ ዓመት ሙሉ በሙሉ የባከነ ነው፤ የባከነውም ሥራው ከብዶኝ ሳይሆን አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ በተሳሳተ ቦታ ስላመንኋት ነው። የጣና ዳር ክረምት በስላይድ፣ ማለትም ናሙና ተጣብቆ በማይክሮስኮፕ በሚታይበት መስታወት፣ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከእኔ በኋላ ለሚጀምር ሰው እንዲነገረው ስለምፈልግ እጽፈዋለሁ።

ትሪፕስን የፎገራና የቆጋ ሽንኩርት አምራቾች በሚገባ ያውቁታል። ቅጠሉን ወግቶ ጭማቂውን ሲመጥ ቅጠሉ እንደ ብር እየነጣ ይደርቃልና። ነገር ግን የሽንኩርቱ ትሪፕስ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ከ6000 በላይ ዝርያዎች አንዱ ብቻ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚረዝሙ፣ በክንፋቸው ጠርዝ ረጃጅም ጠጉር የተደረደረባቸው፣ አበባ ውስጥ ተሸሽገው የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው። የእኔው የተገኘው ዘጌ ውስጥ፣ በቡና አበባ ላይ ነው።

አሰባሰቡ ቀላል ነው፤ ነጭ ትሪ ከቅርንጫፉ ሥር ይያዛል፣ ቅርንጫፉ በእንጨት መታ መታ ይደረጋል፣ ትሪው ላይ የወደቁትም በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ ይለቀማሉ። መጀመሪያ ቀን የቡናው ባለቤት አዛውንት መጥተው «ልጄ፣ አበባውን አታራግፊብኝ፤ ፍሬዬ እኮ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። «አባባ፣ ከእያንዳንዱ እግር አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የምነካው» ብዬ ቃል ገባሁ፤ ጠበቅሁም። ይህን የማነሣው እኒህ ሰው በኋላ ሥራዬን ያዳኑልኝ ስለሆኑ ነው።

የተሰጠኝ መመሪያ ናሙናውን በሙሉ 95 በመቶ አልኮል ውስጥ እንድከት ያዛል። ይህ ለዘረ መል ምርመራ ትክክል ነው፤ ለአካል ጥናት ግን ስሕተት ነው። በጠንካራ አልኮል የቆየ ትሪፕስ እግሩንና አንቴናውን አጥፎ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሆናል፤ ሊዘረጉት ሲሞክሩ ይሰበራል። እኔ ከሁለተኛው ቀን ጀምሬ አብዛኛውን 60 በመቶ አልኮል ውስጥ አደረግሁ፤ ጥቂቶቹን ብቻ ለይቼ በጠንካራው አስቀመጥሁ። ማንንም አላስፈቀድሁም፤ ዛሬም ብሆን አላስፈቅድም።

ሴቶቹ ብዙም አላስቸገሩኝም። በ5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ የሆዳቸውን ይዘት አጥቤ፣ ቀለማቸው እንዳይጠፋ ጥቂቶቹን ሳላጥብ አስቀርቼ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ከጭንቅላት ወደ ጅራት ወረድሁ። በአናቱ ላይ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡት ትንንሽ ዓይኖች ቀለማቸው ቀይ ነው፤ የሽንኩርቱ ትሪፕስ ግን በዚያ ቦታ ግራጫ ስለሆነ ልዩነቱ ገና ከመጀመሪያው ታየኝ። ከፊተኛዋ ትንሽ ዓይን ፊት የጠጉር ጥንድ የለም። በሆዱ ስምንተኛ ቀለበት ጎንና ጎን ያሉት፣ እንደ ሚዶ ጥርስ የተሰለፉ ጥቃቅን ጠጉሮችም ከመተንፈሻ ቀዳዳው ኋላ ወደ መሃል አቅጣጫ ያርፋሉ። ፍራንክሊኔላ በሚባለው ሌላ የትሪፕስ ወገን ያለው ሚዶ ግን ከቀዳዳው ፊት ወደ ውጭ ነው የሚሰለፈው። በእነዚህ ምልክቶች ዝርያው፣ ከሰፊው የትሪፕስ ቡድን ውስጥ፣ የስዊድኑ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ራሱን «ትሪፕስ» ብሎ ከሰየመው ጠባብ ወገን መሆኑን አረጋገጥሁ። አፉን ሳይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ትሪፕስ ግራ መንጋጋ ብቻ ነው ያለው፤ ቀኙ ገና በእንቁላል ውስጥ እያለ ይጠፋል፤ ስለዚህ የአፉ ሾጣጣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። በመጽሐፍ አንብቤው ነበር። በዓይኔ ሳየው ግን እጄን ከማስተካከያው አንሥቼ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

ችግሩ ወንዱ ነበር። በትሪፕስ ዘንድ ወንድ የሚፈለፈለው ካልዳበረ እንቁላል ነው፤ በብዙ ዝርያዎችም ከሴቷ ቁጥሩ እጅግ ያንሳል። እኔ ከ40 በላይ ሴቶች መካከል ያገኘሁት አንድ ወንድ ብቻ ነበር። በዚህ ወገን ውስጥ ተቀራራቢ ዝርያዎችን ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ደግሞ የወንዱ ሆድ የታችኛው ገጽ ነው። እዚያ ላይ ዕጢዎች የሚከፈቱባቸው ፈዛዛ ሰሌዳዎች አሉ፤ በየትኛው ቀለበት ላይ እንዳሉ፣ ምን ያህል እንደሚሰፉ፣ ቅርጻቸው ሞላላ ይሁን ቀጭን፣ ሁሉም መለካት አለበት።

ለቋሚ ስላይድ ከዛፍ የሚገኘውን ሙጫ፣ የካናዳ በልሳምን፣ እና የቅርንፉድ ዘይት ጠየቅሁ። ሥራዬን የሚያስተዳድረው ክፍል መመሪያው የሆየር ማጣበቂያ ለጊዜያዊም ለቋሚም ይበቃል ስለሚል ከዚያ ውጭ ግዥ አይፈቀድም አለኝ። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅሁ፤ ለሁለተኛው ደብዳቤ መልስ እንኳ አልሰጡኝም። የሆየር ማጣበቂያ የግራር ሙጫ፣ ግሊሰሪን፣ ክሎራል ሃይድሬትና ውኃ ነው። ናሙናውን ከአልኮል አውጥቶ በቀጥታ መክተት ስለሚቻል ፈጣን ነው፤ ጥራቱም መጀመሪያ ላይ ያምራል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ግሊሰሪን ከአየር ውኃ ይስባል። ይህን መመሪያውን ያዘጋጁት ሰዎች ባሕር ዳር በሐምሌ ምን ዓይነት አየር እንዳላት ለአንድ ቀን እንኳ አላሰቡበትም።

ወንዱን በሚያዝያ ስላይድ ላይ አሳረፍሁት። ያን ምሽት በደንብ አየሁት፤ በማስታወሻዬም «ሰሌዳዎች ከ3ኛ እስከ 6ኛ ቀለበት» ብዬ አንድ መስመር ጻፍሁ። አልሳልሁትም፣ አልለካሁትም፣ ፎቶም አላነሣሁትም። መመሪያው ሥዕል የሚሳለው ሁሉም ስላይዶች ደርቀው ከተዘጋጁ በኋላ ነው ስለሚል እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ ጠበቅሁ። ክፍሉን እንደምወቅስ ሁሉ ለዚህ ራሴን እወቅሳለሁ፤ ሥዕሉን እንዳልስል እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም።

ማድረቂያው ማታ ማታ እንዲጠፋ ታዝዞ ነበር፤ ቀንም መብራት ሲሄድ ይበርዳል። የሽፋኑን መስታወት ጠርዝ በጥፍር ቀለም መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም። ስላይዱንም ማስተኛት ሲገባኝ በቆሙበት በሚደረደሩበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ዝናቡ ከጠነከረ በኋላ በሐምሌ ሦስተኛ ሳምንት ሣጥኑን ስከፍት የሽፋኑ መስታወት ወደ ታች ተንሸራቶ ከስላይዱ ጠርዝ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ማጣበቂያውም እንደ ማር ለስልሶ ነበር። ወንዱ አብሮ ተጎትቶ ሆዱ ተጠማዝዟል፤ የታችኛው ገጹ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ አየር ገብቶም በ4ኛው ቀለበት ላይ ጥቁር ክብ ሠርቷል።

በሞቀ ውኃ አላቅቄ እንደገና ልዘረጋው ወሰንሁ። ያ ውሳኔ ከሁሉም የከፋው ነበር። ሽፋኑ ተነሣ፣ ወንዱም ተንሳፈፈ፣ እኔም በቀጭን መርፌ ሆዱን ገፋ አደረግሁት። ድምፅ የለውም፤ ትሪፕስ ሲበጠስ ምንም አይሰማም። የሆዱ ፊተኛ ክፍል ከደረቱ ጋር ቀረ፤ ኋለኛው ክፍል ከመርፌው ጫፍ ጋር ተነሣ፤ መርፌውን ሳወጣም ከውኃው ወለል ላይ ተንሸራትቶ ጠፋ። እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግሁት፤ የሳህኑን ውኃ በጠብታ በጠብታ አየሁ፤ አላገኘሁትም። በማግሥቱ ጉዳቱን ለክፍሉ ሳስታውቅ የተሰጠኝ መልስ «ሴቶቹ አሉ አይደል?» የሚል ነበር። አዎን፣ ሴቶቹ ነበሩ።

ሌላ ወንድ ለማግኘት ቡናው እንደገና እስኪያብብ መጠበቅ ግዴታ ነበር። ቡና ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲነካው በአንድ ጊዜ ይፈካል፤ አበባውም ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ባሕር ዳር ተቀምጬ ቀኑን ማወቅ አልችልም። በቀጣዩ ዓመት አንድ ማለዳ ስልኬ ጠራ፤ እኒያ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ ፈክቷል፤ ነገ ብትመጪ ይረግፍብሻል፤ ዛሬ ነይ» አሉኝ። በመጀመሪያው ጀልባ ሄድሁ። ሦስት ወንዶች አገኘሁ።

በልሳሙን በዚህ ጊዜ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ነበር። አልኮሉን ደረጃ በደረጃ ከ60 እስከ ንጹሑ አሳልፌ፣ በቅርንፉድ ዘይት አጥርቼ፣ በበልሳም አሳርፌ፣ በ40 ዲግሪ ገደማ ለሳምንታት አደረቅሁ። ወደ በልሳም ከመግባቱ በፊት ግን እያንዳንዱን ወንድ በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ በጀርባው አስተኝቼ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ ለካሁ፣ ሳልሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። በ6ኛው ቀለበት ላይ ያለው ሰሌዳ ከሌሎቹ ጠባብ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በመጀመሪያው ምሽት ጊዜ ወስጄ ብመለከት ኖሮ ያን ጊዜ አየው ነበር።

ስለዚህ በጣና ዙሪያ ለሚሠራ ሰው የምለው፣ የሆየርን ማጣበቂያ ለዕለት ምርመራ ብቻ ተጠቀምበት፤ አንድ ብቻ ያለህን ናሙና ፈጽሞ አትስጠው። ማንኛውም መመሪያ ሥዕልን ወደ መጨረሻ ቢያስቀምጠውም አንተ መጀመሪያ ላይ ሳል። የተጠማዘዘ ናሙናን ለማረም አትሞክር፤ እንዳለ ተወው፤ የታጠፈ ሆድ ከተበጠሰ ሆድ ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ1999 በኋላ ለሚወጣ የዝርያ ስም፣ ስሙ የሚቆምበትን ዋናውን ናሙና ለይቶ መወሰንና የሚቀመጥበትን ቦታ መጻፍ ግዴታ በመሆኑ፣ ያንንም ከመጻፍህ በፊት በጽሑፍ አስወስን።

ዋናው ናሙና ሴቷ ናት፤ ሦስቱ ወንዶች አጃቢ ናሙናዎች ሆነዋል። ጽሑፉ ለግምገማ ስለተላከ ስሙን እዚህ አልጠራውም። በስላይዶቹ መለያ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈው ዘጌ፣ የቡና አበባ፣ የተሰበሰበበት ቀን፣ ከሥሩም የእኔ ስም ነው። የመጀመሪያው ወንድ ደረትና የሆዱ ፊተኛ ክፍል በቀሩበት ስላይድ ላይ ግን ከዚያ በታች አንድ ቃል ጨምሬበታለሁ፦ «ጎደሎ»።