«እ» ማን ናት?

ዕድሜዬ 47 ነው። ከዚህ ውስጥ 22 ዓመቱን ያሳለፍኩት ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት ሲሆን፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሃምሳ ሳንቲም ከጎደለች እስክትገኝ ድረስ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። የገዛ ቤቴ ሒሳብ ግን ወር በገባ በ18ኛው ቀን ባዶውን ሲቀር፣ ከጦሳ ተራራ ላይ እንደሚወርደው ጉም የተፈጥሮ ነገር አድርጌ ስቀበለው ኖሬያለሁ።

ዘንድሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁለት ነገር ባንድ ሳምንት ደረሰብኝ። የመጀመሪያው፣ አልለቅ ያለኝን ራስ ምታት ልታይ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ ሳልበላ የተለካው ስኳሬ 118፣ የደም ግፊቴ 148 በ94፣ ክብደቴ ደግሞ 91 ኪሎ ሆኖ መገኘቱ ነው። የመረመረችኝ ሐኪም ከትልቋ ልጄ ብዙም የማትበልጥ ስትሆን፣ ገና ከበር ስገባ «አባቴ» ብላ ስለጠራችኝ ግማሹ ግፊት የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። «አባቴ፣ የስኳር በሽታ አልያዘዎትም፤ ነገር ግን ደጃፉ ላይ ደርሰዋል» አለችኝ። ከ100 በታች ጤናማ እንደሆነ፣ በተደጋጋሚ ተለክቶ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታ እንደሚባል፣ የእኔ በመካከሉ ያለው እንደሆነ አስረዳችኝ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ እንድሄድ፣ ጨውና ስኳር እንድቀንስ፣ ከክብደቴ 7 ከመቶ ያህል እንዳወርድና ከ3 ወር በኋላ እንድመለስም አዘዘችኝ። 7 ከመቶ ስትል ትዝ ያለኝ ጡረታ ነው፤ ከደመወዛችን በየወሩ ለጡረታ የሚቆረጠውም ልክ 7 ከመቶ ነውና። ልዩነቱ፣ ጡረታው ሳልጠየቅ ከምንጩ ይቆረጣል፤ ከወገቤ ላይ 6 ኪሎ ከ370 ግራም ቆርጦ ገቢ የሚያደርግልኝ የሥራ ክፍል ግን እስካሁን አልተቋቋመም።

ሁለተኛው ዕዳ ነው። አንድ ባልደረባዬ ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲበደር ዋስ ሆኜለት ነበር። እሱ ሥራውን ለቆ አገር ሲቀይር፣ የቀረው 38,000 ብር በእኔ ላይ መዞሩ በዚያው ሳምንት በደብዳቤ ተነገረኝ። ባለቤቴ ለማንም ሰው ዋስ እንዳልሆን ከ10 ዓመት በፊት አስምላኛለች።

ስለዚህ ሁለቱንም ጉዳይ በምስጢር ላቃና ወሰንኩ። ዕዳውን የደበቅኩበት ምክንያት ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። ስኳሩን የደበቅኩት ግን በእኛ ሰፈር አንድ ሰው መታመሙ ከተሰማ እድርተኛው በሙሉ ሙዝ፣ ለስላሳና ሁለት ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ ሊጠይቅ ስለሚመጣ፣ ሦስት ቀን ከተጠየቅኩ ያልያዘኝ በሽታ እንደሚይዘኝ ስላወቅኩ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ሲጨንቀው መዝገብ ይከፍታልና፣ በኪስ የምትያዝ ደብተር ገዛሁ። በፊቷ በኩል ጤናዬን፣ ገልብጬ ደግሞ በጀርባዋ በኩል ዕዳዬን መመዝገብ ጀመርኩ። ሌላ ሰው ቢያያት እንዳይገባው ስል ቃላቱን በአንድ በአንድ ፊደል አሳጠርኳቸው፤ «ግ» ግፊት፣ «ክ» ክብደት፣ «እ» ደግሞ በደቂቃ የተቆጠረ እርምጃ ነበረ። ስኳርን ግን ስኳር ብዬ ጻፍኩት፤ ስኳር የሚል ቃል ደብተር ላይ ቢገኝ ማንን ያስደነግጣል በሚል ነው። አንዱ መስመር ይህን ይመስላል፦

«ሰኔ 9፦ ስኳር 121፣ ግ 146/92፣ ክ 90.50፣ እ 35።»

በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት እወጣለሁ። ባለቤቴን «ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ ሥራ በዝቷል» ብያታለሁ፤ ይህ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ቤታችን ከጦሳ ሥር ስለሆነ ወደ ፒያሳ ሲወረድ ማንም ስፖርተኛ ነው፤ ችግሩ ማታ በዚያው በእግር መመለስ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የምትኖር እህቴ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳ በሞቀውና በተደላደለው አገር ሆና «መራመድ እኮ ቀላል ነው» ስትለኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ መተንፈሻ ያጠረው ወንድሟን ማሰቧን እጠራጠራለሁ። በባጃጅ ፋንታ በእግሬ በመሄዴ የማተርፋትን ሳንቲም በመሥሪያ ቤት መሳቢያዬ ውስጥ አጠራቅም ነበር፤ ሆኖም አንድ ባልደረባዬ ባዋሰኝ መለኪያ በየማለዳው ጣቴን እየወጋሁ ስኳሬን ስለምለካ፣ የአንዷ መለኪያ ወረቀት ዋጋ የዕለቱን የባጃጅ ሒሳብ ጠቅልላ ትወስደዋለች። ጤናዬ ሲጠበቅ ቁጠባዬ ይታመም ነበር ማለት ነው።

ቤት ውስጥ የከበደኝ ቡናው ነው። ወሎ ውስጥ ቡና «አልፈልግም» የሚል ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ሊጣላ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም እጠጣለሁ፣ ስኳሩን ግን «ጥርሴን አሞኛል» ብዬ አስቀረሁት። ገጠር እንዳሉት ዘመዶቼ በጨው ልጠጣው እንዳልል ደግሞ ግፊቱ አለ።

ሰኔ 19 ቀን ማታ 12 ሰዓት ገደማ ዳገቱን በዝናብ ወጥቼ፣ ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቤቴ ስደርስ በራፉ ላይ ሦስት የማላውቃቸው ጥንድ ጫማዎች ተደርድረው አየሁ። እጣኑ ይጨሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ሰው የሞተብን መስሎኝ ልቤ ወረደ። ስገባ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የንስሐ አባታችንና ጎረቤታችን ሐጂ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ጉልበቷ ላይ ያለችው፣ ኮቴን ልታጥብ ስትል ከኪሴ ያገኘቻት ያቺ ደብተር ናት።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ተቀመጥ» አሉኝ የባለቤቴ ወንድም።

«ልጄ» አሉ አባ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «ሰው ይሳሳታል፤ ዋናው መመለሱ ነው።»

ባለቤቴ እንደ ዓቃቤ ሕግ ድምጿን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች። «ሰኔ 9፤ ስኳር በ121 ብር። ግዢ 146 እና 92። ክፍያ 90 ብር ከ50። ለእ 35።» ቀና ብላ ሽማግሌዎቹን አየችና ቀጠለች። «ሰኔ 16፤ ስኳር በ117 ብር። ለእ 45። ‹ዳገቱ አደከመኝ፤ ግን ደስ ይላል› ይላል። እኔ ቤት ‹ጥርሴን› እያለ ስኳር እምቢ ይላል፣ ሌላ ቤት በየቀኑ ስኳር ያስገባል! በሌሊት የሚወጣው ለዚህ ኖሯል። ‹እ› ማን ናት?»

«እርምጃ» አልኩ።

«እርምጃማ የምንወስደው እኛ ነን!» ብለው ወንድሟ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

እንዴት ብዬ እንደማስረዳ ግራ ገባኝ፤ ምክንያቱም በዚያ ደቂቃ «የምራመደው ለጤናዬ ነው» ማለት፣ በሰኔ ዝናብ ውስጥ በቂ ማስረጃ ሳይኖር የሚቀርብ መከላከያ ነው። ያዳኑኝ ሐጂ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ደብተሯን ተቀበሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው አንድ ገጽ ሙሉ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ይቺ 118» አሉኝ፤ «ሳትበላ ነው?»

«አዎ ሐጂ፣ ሳልበላ ነው።»

«ታድለሃል! እኔ ዛሬ ጠዋት 204 ነበርኩ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ዞር ብላ አየቻቸውና «ሐጂ፣ እርስዎም ስኳር ይገዛሉ?» አለቻቸው።

ሐጂ ከደረት ኪሳቸው ጠርዟ የተበላ የቀጠሮ ካርድ አውጥተው ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጡላት። ከዚያ ስለ ግፊት፣ ስለ ክብደትና ስለ እርምጃ እኔ ልናገረው የሚገባኝን ሁሉ እሳቸው ከእኔ በተሻለ አስረዱ። አባ ስኳር የሞላችውን ማንኪያቸውን ቀስ ብለው ወደ ስኳር ዕቃው መለሱ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ቀጥሎም «እኔ እያለሁ ብቻህን ነው የምትታመመው?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከሦስቱም በኋላ ልቤ ረጋ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ እንዴት መልካም ነበር። ነገር ግን ደብተሯን ልትዘጋ ስትል ተገለበጠችና የጀርባዋ ገጽ ተከፈተ።

«‹ብ 38,000› ይላል» አለች።

«‹ብ› ደግሞ ማን ናት?» አሉ ወንድሟ።

እርዳታ ፍለጋ ወደ ሐጂ አየሁ። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ማኅደሩ ከተቱ።

የዚያን ዕለት ማታ የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ሽማግሌዎቹ የወጡት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። የመሐላው ጉዳይ በአባ፣ የዕዳው ጉዳይ በሐጂ ሰብሳቢነት ታየ። ዕዳው በየወሩ 2,000 ብር እየተከፈለ በ19 ወር እንዲያልቅ ተወሰነ፤ የቤቱ ገንዘብ በእሷ እጅ እንዲሆንም ተጨመረበት፤ 22 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነው ሰው ድምፅ አልተጠየቀም። በማግስቱ ደብተሯን ስትመረምር የመጀመሪያ ሥራዋ የመለኪያ ወረቀቱን ግዢ መሰረዝ ሆነ፤ «ሐኪሟ ከ3 ወር በኋላ ና ካለችህ በየማለዳው ጣትህን የምትወጋው ማን አዝዞህ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለተኛው ሥራዋ የእኔን የቀድሞ ስኳር ማስላት ነበር፦ በቀን 9 ስኒ ቡና በአንድ አንድ ማንኪያ፣ 4 ብርጭቆ ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ፣ በድምሩ 17 ማንኪያ። ማንኪያው 4 ግራም ቢይዝ በወር 2 ኪሎ ከ40 ግራም ይሆናል። በየወሩ ስኳሩ የት እንደሚገባ ስትጠራጠር የኖረችው የቤት ሠራተኛዋን ነበር።

አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በር ላይ የምትጠብቀኝ እሷ ናት። ትናንት ደብተሯን ሰርቄ ሳይ በእሷ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አገኘሁ፦

«ሐምሌ 7፦ እ 50፤ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ ጠበቅኩት። ስኳር ግማሽ ኪሎ (የጣሳው)።»