ጥሩምባ በተነፋበት ጠዋት የተበጠበጠ ክትባት

መንዝ ውስጥ የበግ ክትባት የሚበላሸው በበረዶ ሳጥን ጉድለት ብቻ አይደለም።

አርባ ምንጭ ያደገ አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለፕሮጀክት ሥራ ወደ መንዝ ተመደበ። አማርኛው ጥርት ያለ ነው፤ ያሳሳተውም ይኸው ነው። ቋንቋውን የሚችል ሰው አገሩንም ያወቀ ይመስለዋል። "ማክሰኞ በጎቹን ታመጣላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። "እሺ፣ እግዜር ካለ" አሉት። ቁርጥ ቃል ነው ብሎ መዝገቡ ላይ አሰፈረው። "እግዜር ካለ" ግን ሞት ካልገባ፣ ሰው ካልታመመ ማለት ነው።

ኅዳር ነበር። ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ ተነፋ። ሰማው፤ ምን እንደሆነ ግን ማንንም አልጠየቀም። 2 ሰዓት ላይ ደስታ መሰል ለሚባለው የበግና የፍየል በሽታ የሚሰጠውን ክትባት ሁለት ጠርሙስ በጠበጠ። የአንዱ ጠርሙስ ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር ማሟሟያ ይሟሟና ለ100 በግ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር ከቆዳ ሥር ይወጋል። ክትባቱ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ፣ በቅዝቃዜ ተይዞም ቢሆን ቢበዛ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ካለፈ በጉን መውጋት ከንቱ ድካም ነው። 4 ሰዓት ሆነ፤ አንድም በግ አልመጣም። ለ200 በግ የሚሆን ክትባት ተደፋ።

ተናዶ ወደ መንደሩ ወጣ። አገሩ ሁሉ ቀብር ላይ ነው። "ዶክተር፣ ሰው ሞቶብን እንዴት በግ እንይዛለን?" አሉት አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያም ይዘውት ለቅሶ ቤት ገቡ። መደብ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ እያለ "ኖር!" አለው። መልሱ "በእግዜር" ነው፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ቆመ። እነሱም ከመደቡ ከፍ እንዳሉ፣ ሳይቀመጡ ቆዩ። ሽማግሌው በጆሮው ሹክ እስኪሉት ድረስ መግባትም መውጣትም ጠፋው። አዲስ ሠራተኛ ሲላክ ስለ አበል ብዙ ይወራል፤ ይህቺን አንድ ቃል ግን የሚነግረው ሰው የለም። ያሳዝናል።

ጥሩምባ ከተነፋ ሳጥኑን ሳይከፍቱ ቀብር መሄድ ነው፤ ያልተከፈተ ጠርሙስ በረዶው እስካልቀለጠ ድረስ ይጠብቃል። ቀን ለመቁረጥም የቀበሌው ሊቀ መንበር ብቻውን አይበቃም፤ የእድሩን ዳኛና ቄሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ሞፈር አይነሣም፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይገኛል፣ በግ ማስወጋት እንደ ሥራ ይቆጠር አይቆጠር ግን አስቀድሞ ከቄሱ መስማት ይሻላል። በጎቹን ለማግኘት የሚመቸው ደግሞ ጠዋት ነው፤ ውርጩ እስኪነሣ ከበረት አይለቀቁም።

ባለሙያው ሐሙስ ሊደግም ፈለገ። "ሐሙስ ሠልስት ነው፤ ዓርብ ይሁን" አሉት ሽማግሌው። ሐሙስ ለቅሶ ቤት ገብቶ "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ተቀመጠ። ዓርብ ጠዋት የመጀመሪያው ጠርሙስ የተከፈተው መቶኛው በግ በረት ውስጥ ከተቆጠረ በኋላ ነው።