ከሰልፍ በኋላ የት ልግባ ለምትሉ፦ የተከራዮች ማኅበር ልምዴ ከዋሽንግተን ዲሲ

ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ በጁን 2020፣ በ16ኛው ጎዳና ወደ ዋይት ሐውስ የሄድንበት ሰልፍ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ ቤቴ ስገባ «ነገስ?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰልፉ ወኔ ሰጥቶኛል፤ የቤት ሥራውን ግን ራሴ መፈለግ ነበረብኝ። እዚያው ጥያቄ ላይ ያላችሁ ስለማትጠፉ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ትልልቅ ድርጅቶች ጋር ተመዝግቤ መዋጮም አዋጥቻለሁ። ደግ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ዓይን ለዓይን የምንተያይ ሰዎች ጋር መሥራት ፈለግኩ።

መንገዱን ያሳዩኝ የሕንፃችን አንዲት እናት ናቸው። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» ብለው ከሐኪም ቀጠሮ ወረቀታቸው ጋር በፌስታል የጠቀለሉትን ደብዳቤ ሰጡኝ። ከከተማው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አላት። የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው፤ ካላቀረቡ ለሰብአዊ መብት ቢሮ አቤት ይባላል። በመሥሪያ ቤቱ ስልክ ላይ አብረን ደውለን «አማርኛ» ስንል አስተርጓሚ ገባ። እማማ በገዛ አንደበታቸው ሲያስረዱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በቃላት መግለጽ ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ጎረቤቱን እየጠራ የተከራዮች ማኅበር ለማቋቋም መሰባሰብ ጀመርን። አማርኛም ስፓኒሽም ተናጋሪ አለን፤ እኔ የአማርኛውን አስተረጉማለሁ። ክረምት ላይ ማሞቂያው ሲደክም የተማርነው ነገር ይጠቅማችኋል። በዲሲ የቤት ሕግ አከራዩ ቀን ላይ ቤቱን ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት ማድረስ አለበት። ስለዚህ ሁላችንም ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝተን ሳሎን አስቀመጥን፤ ቁጥሩንና ሰዓቱን በስልክ ፎቶ አንስተን በአንድ ግሩፕ ሰበሰብን። «ቤቱ ይበርዳል» ሲባል ማኔጀሩ ሰበብ ያበዛል። የብዙ ቤት ፎቶ ከነሰዓቱ ሲቀርብለት ግን የሚከራከርበት አጣ፤ የከተማው የቤት ኢንስፔክተር ሳይመጣ ጥገናው ተጀመረ።

የሰፈር ኮሚሽን ስብሰባም መከታተል ጀምሬያለሁ። ኤኤንሲ (ANC) የሚባለው፣ ስለ ሰፈሩ ጉዳይ ለከተማው አስተዳደር ምክር የሚሰጠው ነው፤ እያንዳንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 ነዋሪ ይወክላል። ማንም ሰው ገብቶ መናገር ይችላል። የእኛ ሰው እዚያ ብዙም አይታይም፣ ይህ ያሳስበኛል። ስለ ሰፈራችን የሚወሰነው እዚያ ሲነገር ዝም ብለን መቅረት የለብንም።

አሁን የያዝነው ማኅበሩን በሕግ ማስመዝገብ ነው። በ1980 የወጣው የዲሲ ሕግ ሕንፃው ሲሸጥ ተከራዮች ቅድሚያ ገዝተው የመያዝ ዕድል ይሰጣል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ቤት ባለው ሕንፃ ግን ይህን መብት የሚጠቀመው የተመዘገበ ማኅበር ነው። የመተዳደሪያ ደንባችንን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ይህን ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ የአባልነት አንቀጹን እንዴት እንደጻፋችሁት ብታሳዩኝ በጣም ይጠቅመናል።