የፋሲካን ዶሮ በ72 ሰዓት ማትረፍ

ሉደም ዴር የሚባለው የጌም ጃም (በተሰጠ ርዕስ፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የኮምፒዩተር ጌም የሚሠራበት ዝግጅት) በእኛ ሰዓት የሚጀምረው ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ርዕስ ይወጣል፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው 48 ሰዓት፣ በቡድን የሚሠሩ ደግሞ 72 ሰዓት አላቸው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲካሄድ የኖረ ነገር ነው፤ ውድድር ይባል እንጂ ሽልማት የለውም። 46ኛው የዋለው ሚያዝያ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ስዑር ላይ ነበር። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከወጣ ገና ዐሥር ቀኑ ስለነበር ሁላችንም ቤት ተከተን ነበር።

ርዕሱን የሚመርጡት ተሳታፊዎቹ ራሳቸው በድምፅ ነው፤ ያኔ ያሸነፈው «በሕይወት አቆየው» የሚል ሆነ። እኛ ቤት በዚያች ቀን በሕይወት መቆየቷ የሚያጠራጥር ፍጥረት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ጓሮ እግሯን በገመድ ታስራ ጥሬ የምትለቅመው ቀይ ዶሮ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ማሰብ አላስፈለገም። ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ ጌም በገባበት በዚያ ጃም ላይ እሳት እንዳይጠፋ የሚጠብቅ፣ አበባ የሚያጠጣ፣ በሽተኛ የሚያስታምም ጌም እንደ አሸን ፈልቶ ነበር። ለሁሉም ሰው ቀድሞ የሚመጣለት እሱ ነዋ። እኔ ርዕስ ሲወጣ መጀመሪያ ዞር ብዬ የማየው ቤቴንና ሰፈሬን ነው፤ ሌላው ሰው ጓሮ ውስጥ የሌለ ነገር እዚያ አይጠፋም።

ጌሙ እንዲህ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ እናት ወጥ ቤት ሽንኩርት ታቁላላለች፣ አባት ቢላ ስሎ ደጃፍ ተቀምጧል። ተጫዋቹ ዶሮዋን የሚወድ ልጅ ነው። ያለው አንድ በተን ብቻ ነው፤ ተጭኖ ሲይዘው ዶሮዋን በእንቅብ ይከድናታል፣ ሲለቀው ወጥታ ትንጎራደዳለች። እናት በየመሀሉ በሩን ከፍታ ብቅ ትላለች። ዶሮዋን ካየቻት አለቀ፤ ድስት ይመጣል፣ ድስቱ ውስጥ 12 ብልት ይታያል። ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ ካቆያት ጾም ይፈታል፣ ዶሮዋም ትተርፋለች። ቤተሰቡ ምን እንደበላ ጌሙ አይናገርም።

አንድ በተን ላይ የቆምኩት ኮዱ ስለሚያጥር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላለ ሰው የጌም ሊንክ ብትልክለት የሚከፍተው በስልኩ ነው። ኪቦርድ የሚጠይቅ ጌም ከሆነ ሁለቴ ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጎ ይዘጋዋል፤ «አይሠራም» ብሎ እንኳ አይጽፍልህም። አንድ በተን ግን በጣትም፣ በማውስም፣ በኪቦርድም ያው ነው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑ ላይ የነበሩት ሦስት ሳጥኖች ናቸው፦ ቀዩ ዶሮ፣ ቡናማው እንቅብ፣ ሰማያዊው እናት። ሥዕል የለም፣ ድምፅ የለም። እህቴን ጠርቼ ላፕቶፑን አቀበልኳትና ዝም አልኩ። ከጃም ሥራ ሁሉ ለእኔ ከባዱ ይኼ ዝም ማለት ነው፤ ሰው ሲደናበር እያዩ «እዚያ ጋ ተጫኚው» ላለማለት ከንፈር መንከስ ያስፈልጋል። እህቴ በተኑን ተጫነችና አልለቅም አለች። ዶሮዋ እንደተከደነች፣ እናት እየወጣች እየገባች፣ እሷም እንደያዘችው ዞር ብላ አየችኝ። «እሺ፣ ከዚያስ?»

መልሱ ትንፋሽ ሆነ። ዶሮዋ እንቅብ ሥር መቆየት የምትችለው 4 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ካለፈ ትጮኻለች፣ እናትም ትሰማለች። ስትለቀቅ ትንፋሿ ቀስ እያለ ይመለሳል። እናት በር ላይ የምትቆየው ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የከደነ ሰው ትንፋሽ ያልቅበታል፣ ዘግይቶ የከደነ ይያዛል። ጌሙ ጌም የሆነው እዚህ ላይ ነው። ሥዕል ከተሳለ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመለወጥ ልቤ ይሳሳ ነበር፤ ሳጥን ግን ቢጣል ማንም አያዝንለትም።

ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ፍትሕ ነው። እናት ድንገት ብቅ ካለች ተጫዋቹ ምንም ማድረግ አይችልም። ሰው በዓይኑ ዓይቶ እጁን እስኪያንቀሳቅስ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና፣ በዚያች ሩብ ሰከንድ ውስጥ የተሸነፈ ሰው የሚናደደው በራሱ ሳይሆን በጌሙ ነው። ስለዚህ እናት ከመውጣቷ 0.6 ሰከንድ አስቀድሞ በሩ ሲጥ ይላል። በዚያ ላይ ማንም የማያውቃት የ0.15 ሰከንድ ምሕረት ጨመርኩ፤ እናት ዶሮዋን ብታያትም ለዚያች ቅጽበት እንዳላየች ትሆናለች። ተጫዋቹ «ለጥቂት አመለጥኩ!» ብሎ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ በእኔ ቸርነት ነው። ይህን ዓይነት ማጭበርበር የሚጠየፉ ሠሪዎች አሉ፤ እኔ ግን ያለ እሱ ጌም አላወጣም።

የበሩን ድምፅ የትም አልፈለግኩም፤ የወጥ ቤታችንን በር ነው በስልኬ የቀዳሁት። የዶሮዋም ድምፅ የዶሮዋ የራሷ ነው። ለቀረው፣ ለመሸነፊያውና ለበተኑ፣ ኤስኤፍኤክስአር የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ለሉደም ዴር ተሳታፊዎች ተብላ የተሠራች ናት፤ አንዴ ስትጫናት አንድ የፍንዳታ ወይም የዝላይ ድምፅ አዘጋጅታ ትሰጥሃለች። ብሮውዘሮች ሰው ገጹን ሳይነካ ድምፅ እንደማያሰሙ ማወቅም ደግ ነው። «ጀምር» የሚል ገጽ ያስቀመጥኩት ለውበት ብዬ አይደለም፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ንክኪ ከሌለች የመጀመሪያው የበር ድምፅ አይሰማም፣ የበሩ ድምፅ ካልተሰማ ደግሞ ተጫዋቹ በመጀመሪያው ዙር ይበላል።

በአማርኛ ጌም ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ስለ ፊደል ላንሳ። የሠራሁበት ኢንጂን፣ ማለትም ጌም መሥሪያ ፕሮግራም፣ ጎዶት 3.2 ነው፤ ነፃ ነው፣ ሲወርድም ዳታ አይጨርስም። ግን ከራሱ ጋር የሚመጣው ፎንት ግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነፃ አውርዶ ከጌሙ ጋር አብሮ ማሸግ ያስፈልጋል። በፒክስል፣ ማለትም ስክሪን ላይ ባሉ ጥቃቅን ነጥቦች፣ ሥዕል ለሚሠራ ሰው ሌላ ፈተና አለ፤ በ8 በ8 ፒክስል ሀ እና ለ ይሳላሉ፣ ጩ እና ጿ ግን ጥፍጥፍ ብለው ይቀራሉ። የላቲን ፊደል ሠሪዎች በ8 ፒክስል የሚኮሩበትን ነገር እኛ 16 ካልሆነ አንሞክረውም። የጌሙ ስክሪን 320 በ180 ፒክስል ስለነበር በአንድ መስመር የሚገባው ጥቂት ቃል ብቻ ነው፤ ስለዚህ መመሪያውን በሙሉ ትቼ አንዲት እጅ እንቅብ ስትጫን የሚያሳይ ሥዕል ተካሁበት።

እሑድ ፋሲካ ነው፤ ላፕቶፕ አልተነካም። ገና ከመጀመሪያው 72 ሰዓቱን የመረጥኩት ለዚህም ነው። በተጨማሪም ዶሮዋንና እናትን በወረቀት የሳለችው እህቴ ናት፤ የ48 ሰዓቱ ሕግ ደግሞ ኮዱንም ሥዕሉንም ድምፁንም አንድ ሰው ብቻውን ይሥራ ይላል። በዓሉ የወሰደው ቀን ብዙ ሐሳብ ቀረጠፈልኝ። ሁለተኛ ዶሮ፣ ዶሮዋን የሚያሯሩጥ ውሻ፣ ከጎረቤት የሚመጣ እንግዳ፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ቀሩ። የተረፈው ሰማዩ ቀስ በቀስ እየጨለመ መሄዱ ብቻ ነው፤ ሰዓት ሳይጽፉ ሰዓትን ለማሳየት ይበቃል።

ማስረከቢያው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ቢሆንም ሰኞ አመሻሽ ላይ ጫንኩት። መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ኢንተርኔት ሊቆም ይችላል፤ በመጨረሻው ሰዓት ደግሞ ዓለም ሁሉ አብሮህ ይጭናል። ከጫንኩ በኋላ ሊንኩን ሜሪላንድ ላለ የአጎቴ ልጅ ላክሁለት፤ በራስ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ጌም በሰው ስልክ ላይ መሥራቱ የሚታወቀው ሰውዬው ሲከፍተው ብቻ ነው።

ከዚያ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተሳታፊዎች የእርስ በርስ ጌም እየተጫወቱ ውጤት ይሰጣሉ፤ ቢያንስ 20 ሰው ካልሰጠህ ደረጃ አይወጣልህም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ጌም ማንም አያየውም፤ የሌሎችን ተጫውተህ የረባ አስተያየት ስትጽፍ ነው ሰዎቹ መጥተው የአንተን የሚከፍቱት። እኔም ማታ ማታ ይህንኑ ስሠራ ሰነበትኩ፤ ከኮድ ይልቅ ያስተማረኝም ይኼው ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። የሌላውን ጌም በ20 ሰከንድ ውስጥ ሰልችቼ ስዘጋ ምን እንዳሰለቸኝ አውቃለሁ፤ ያንኑ በራሴ ጌም ላይ ማየት አይቀልም።

የውጭ ሰዎች እንቅቡን ባርኔጣ መስሏቸው «ዶሮዋ ለምን ባርኔጣ ታደርጋለች?» ብለው ጻፉ፤ ግን ተጫወቱት፤ የበር ድምፅና የምትሸሸግ ዶሮ ትርጉም አያሻውም። በ«ቀልድ» ዘርፍ የተሻለ ነጥብ ያገኘሁትም በእነሱ ነው። ያገሬ ሰዎች ግን ስለ ጌሙ ምንም አላሉም፤ ክርክራቸው ሁሉ ስለ ዶሮዋ ነበር። አንዱ ለፋሲካ ወንድ ዶሮ ነው የሚታረደው አለ፣ ሌላዋ ቄብ ትሻላለች አለች፣ የአጎቴ ልጅ ደግሞ ገብስማ መሆን ነበረባት ብሎ ድርቅ አለ። ከጃሙ በኋላ ባወጣሁት እትም ገብስማ ላደርጋት ሞክሬ ነበር፤ በ16 ፒክስል ላይ ግን ነጠብጣቡ የተበላሸ ስክሪን ስለሚመስል ቀይ ሆና ቀርታለች።