ሲንጀሬ ከጓዳ ወጣች

ሲንጀሬን፣ የስፌት መኪናዬን፣ ከጓዳ ካወጣኋት ዛሬ ሦስት ሳምንት ሞላት። ቤቱን ገና አልለመድኩትም። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ እግሬ ሶፋው የነበረበትን ቦታ ዞሮ ይሄዳል። ሶፋው የለም፤ ያለው ባዶ ሊሾ ነው።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለችውን ይህችን ሁለት ክፍል ቤት ከተከራየሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳሎኑን የያዘው ወይን ጠጅ ከፋይ የለበሰ ትልቅ ሶፋ ነበር። ፊት ለፊቱ ባለመስታወት ቡፌ፣ መሃል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። መስኮቱ ድርብ መጋረጃ ተከናንቧል። እኔ በጥልፍና በልብስ ስፌት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምውለው ግን ጓዳ ነበር፣ በአልጋውና በግድግዳው መካከል በተረፈችው ጠባብ ቦታ፣ በቀን አምፖል አብርቼ። ሳሎኑ የእንግዳ ነው። እንግዳ የሚመጣው ደግሞ ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ሲሆን ሲሆን ለሐዘን። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀትማ የመጣውም እንግዳ ከፋዩ ላይ ብዙ አይቆይም፤ ጀርባውን ሲያልበው በርጩማ ስቦ ወደ በሩ ይጠጋል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሶፋ ላይ ሰው የተቀመጠበት ቀን ሃያ አይሞላም።

ማንም አላዘዘኝም። ዕቁቡ ሲደርሰኝ ቀድሜ የገዛሁት እሱን ነበር፤ በር ላይ ሲደርስ ጎረቤት እልል ብሎለታል። ሰው መሆኔ፣ ቤት ያለኝ መሆኔ የሚታየው በእሱ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን የቀየረው አንድ ቀሚስ ነው። የመልስ ቀሚስ ነበር፣ አረንጓዴና ወርቃማ ጥልፍ ያለው። መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ሥራ ስለፈታሁ፣ ሲመጣ ሌሊቱን ስጠልፍ አደርኩ። ጠዋት ባለቤቷ መጥታ በሩ ላይ ዘርግታ አየችው። አንገቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ሌላ፣ እጅጌው ላይ ያለው ሌላ! አንዱ ክር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነበር፤ በጓዳዬ ቢጫ አምፖል ሥር ግን ሁለቱ አንድ ሆነው ነው የታዩኝ። ልጅቷ አልተቆጣችም። ጥልፉን በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ ዝም አለች። ያ ዝምታዋ እስካሁን ይሰማኛል። የእጅጌውን ጥልፍ በምላጭ ተረተርኩና እንደገና ሠራሁት። መርፌው የገባባቸው ነጠብጣብ ቀዳዳዎች ግን ሸማው ላይ ቀሩ፤ በውሃ ብነክረውም፣ ብተኩሰውም ሙሉ ለሙሉ አልጠፉም።

የዚያን ቀን አዲሱን ክር ለመምረጥ ሳሎን ገብቼ ድርብ መጋረጃውን እስከ ጥግ ገለጥኩት። ሁለቱን አረንጓዴዎች ጎን ለጎን ያዝኳቸው። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚለያቸው ናቸው። ክሮቹን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ብርሃን ለማን ነው የደበቅኩት?

ባሕር ዳር የጣና ደቡብ ጫፍ ላይ ስለሆነች፣ የሳሎኔ መስኮት ወደ ሐይቁ፣ ማለትም ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ጣና ራሱ አይታየኝም፤ የጎረቤት ግንብ ይጋርደዋል። ግን ለጥልፍ ሠራተኛ የሰሜን መስኮት ማለት ምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አብዛኛውን ዓመት ፀሐይ በስተደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ በዚህ መስኮት የሚገባው ብርሃን የማይወጋ፣ ጥላ የማይጥል፣ ከጠዋት እስከ ማታ እምብዛም የማይለዋወጥ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች፤ ለእሱ አንድ ስስ ነጭ መጋረጃ ይበቃል፣ ክረምቱ ከገባ ደግሞ ደመናው ራሱ መጋረጃ ነው። ከሰዓት በኋላ ምድሩ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይነሣና ቀዝቃዛው የሐይቁ ነፋስ በቦታው ይገባል። ያንን ነፋስ ከነብርሃኑ በሁለት ድርብ ጨርቅ ዘግቼበት ኖሬያለሁ።

ሶፋውን ሸጥኩት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ግቢውን አዳረሰ። አከራዬ ማታ መጡና በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ ተቸገርሽ እንዴ? ኪራዩ ከሆነ እንነጋገራለን» አሉኝ። ዕቃ የሚሸጥ ሰው የከፋው ነው ተብሎ ነዋ የሚታሰብ። «አይደለም እትዬ፣ ቦታ ፈልጌ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን ግድግዳውን ቀለም ልቀባ ብላቸው ፈቀዱልኝ።

ግድግዳው ሮዝ ነበር። ሮዝ ግድግዳ አጠገብ ነጭ ሸማ ሲዘረጋ ሮዙን ይውጠዋል፤ ሸማው ራሱ የቀላ ይመስላል፣ ክሩም አብሮ ይዋሻል። ስለዚህ ነጭ ቀባሁት። ጎረቤቴ «ሆስፒታል አስመሰልሽው» ብላ አዘነችልኝ። እኔ ግን ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ አውቅ ነበር። አንድ ጣውላ በሚስማር ግድግዳው ላይ መታሁ፣ ጣውላው ላይ በረድፍ ምስማሮች ተከልኩ፣ እያንዳንዱ ላይ አንድ የክር ጥቅል ሰቀልኩ። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴዎቹ አንድ በአንድ፣ እስከ ጥቁር ሰማያዊ። ሰማንያ ስድስት ጥቅል ነው። ድሮ በካርቶን አልጋ ሥር የነበሩ ናቸው። አሁን በሩን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

ቀለም መደርደር ማን አስተማረሽ ብባል መልሱ ጣና ዳር ያለው ዘጌ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት በዓል ሲውል እማዬ ይዛኝ ትሄድ ነበር፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፣ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ። ሌላው ልጅ ፈረሶቹንና ሰይጣኑን ሲያይ እኔ የቅዱሳኑን ልብስ ነበር የማየው። ቀዩ ካባ ከቢጫው ጋር ሲገናኝ መሃላቸው ቀጭን ጥቁር መስመር አለ፤ ያ መስመር ባይኖር ሁለቱ ይደባለቁ ነበር። ዛሬም ጥልፍ ላይ ሁለት ደማቅ ቀለም ሳገናኝ መሃል ላይ አንድ ዙር ጥቁር ክር አስገባለሁ።

ዘጌ ውስጥ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ስለሆነ ኑሮው በቡናና በጌሾ ነው። ቡናው ደግሞ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚበቅለው፤ ቤታችንም ከዛፎቹ ሥር ነበር። በቀን እንኳ ውስጡ ጨለም ይላል። እማዬ ሰፌድ የምትሰፋው ታዲያ ደጃፍ ላይ ነበር። በርጩማዋን ይዛ ጥላው ሲሸሽ እሷም ትከተላለች፤ ጠዋት ከበሩ በስተግራ፣ ከሰዓት ከበሩ በስተቀኝ። አለላውን በእጇ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ እያየች ነበር የምትመርጠው። እኔ ልጇ ከተማ ገብቼ ሳሎን ሳገኝ ጓዳ ገባሁ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ወረታ ሄጄ አውራምባም ደርሼ ነበር። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው፤ ሴቶቹም ወንዶቹም ይሸምናሉ። ጋቢ ልገዛ ነበር አካሄዴ፤ ዓይኔ የቀረው ግን ቤቶቹ ላይ ነው። ምድጃው፣ መቀመጫው፣ ዕቃ ማስቀመጫው ከጭቃ ተደርጎ ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የሚሠራ ሰው የሠራው ቤት መሆኑ ያስታውቃል። ሶፋውን ስሸጥ ያ ቤት ትዝ እያለኝ ነበር።

አሁን ሲንጀሬ መስኮቱ ሥር ናት። በግድግዳው ርዝመት አናጺ ያሠራሁት ሣጥን አለ፤ ውስጡ ጨርቅ ይይዛል፣ ክዳኑ ላይ አራት ሰው ያስቀምጣል። ቅድስት ሥዕሏ የምሥራቁ ግድግዳ ላይ ናት፤ ቴሌቪዥኑ ቦታዋን ይዞባት ስለነበር እሱን ጓዳ አስገባሁት። ወለሉ ላይ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የተሠራ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ለጌጥ የሚሸጡትን ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ማስቀመጥ አልወድም፤ ደንገል ሲረገጥና ሲቀመጡበት ነው ደስ የሚለኝ፣ ሽታውም ውሃ ውሃ ይላል። ቡና የምናፈላውም እዚያው ላይ ነው። ሶፋው እያለም እኮ ቡና ሲፈላ ሁላችንም መሬት ነበርን።

ያልተፈታም ነገር አለ። የወደቀች መርፌ ደንገሉ ውስጥ ትሰወራለች፤ በባዶ እግር መሄድ ትቻለሁ፣ ማታ ማታ በማግኔት ምንጣፉን እዳስሳለሁ። ቡፌውም እንዳለ ነው። ስኒዎቹ የአያቴ ስለሆኑ መውጫ አላገኘሁላቸውም።

ትናንት እማዬ ከዘጌ በጀልባ መጣች፣ ቡና ይዛ። በሩ ላይ ቆማ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። «ሶፋውስ?» አለችኝ። «ሸጥኩት እማዬ።» ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሣጥኑ ላይ ሳትቀመጥ በቀጥታ ወደ መስኮቱ አለፈችና በርጩማ ሳበች። ሰፌድ አቀበልኳት። ቡናዋን መልቀም ጀመረች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ቤቷ ውስጥ እያለች የጎረቤት ልጅ ናት የምትለቅምላት። ትንሽ ቆይታ ቀና ሳትል «ይቺን መጋረጃ ትንሽ ግለጫት» አለችኝ። ገለጥኩላት።

ቡናው ሲቆላ እትዬ ሽታው ጠርቷቸው መጡ። ከደፉ ሳያልፉ ቆመው ክሮቹን፣ ሲንጀሯን፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችውን እናቴን አዩ። ስድስት ዓመት የኖርኩበት የራሳቸው ቤት ነው፤ ቢሆንም «ቤት ለእንቦሳ!» አሉ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እማዬ ከሰፌዷ ቀና ብላ «እንቦሳ እሰሩ» ብላ መለሰችላቸው።