ረድፍ ስሰርዝ ቀሪ ሒሳቤ እንዳይበላሽ ያደረግሁት

ቢቸና ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ የመጋዘን መዝገብ በኤክሴል እይዛለሁ። ቢ አምድ ላይ የገባው ጤፍ፣ ሲ ላይ የወጣው፣ ዲ ላይ ቀሪው በኩንታል ይሰፍራል። የቀሪው ፎርሙላ የተለመደው ነበር፤ ዲ5 ላይ =ዲ4+ቢ5-ሲ5፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች።

ጥር ላይ፣ ጤፉ ከአውድማ በሚጎርፍበት ሰሞን፣ የአንድ ገበሬ 12 ኩንታል ሁለቴ መመዝገቡን አየሁ። የተደገመውን ረድፍ ዲሊት አልኩት። ከዚያ በታች ያለው ቀሪ ሁሉ ባንዴ «ሬፍ» የሚል ስህተት ሆነ። ነጋዴው በር ላይ ቆመው «አንተ ልጅ፣ ስንት ኩንታል አለን? መኪናው ቆሟል እኮ!» ይሉኛል። «ትንሽ ይታገሱኝ ጋሼ» ብዬ በኮንትሮል ዜድ መለስኩት። ፋይሉን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ እሱም አያድነኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረድፍ ሲሰረዝ ኤክሴል የቀሩትን ሴሎች አድራሻ ራሱ ያስተካክላል። ፎርሙላው የጠራው ሴል ራሱ ከጠፋ ግን የሚይዘው የለውም፤ እያንዳንዱ ቀሪ በላዩ ባለው ላይ ስለቆመም ስህተቱ እስከ ታች ይወርዳል። ረድፉን ትቶ በውስጡ ያለውን ብቻ ማጥፋት ደግሞ ይብሳል። ቀሪው አብሮ ከጠፋ ቀጣዩ ከዜሮ ይጀምራል፤ ምንም ስህተት ሳያሳይ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። እኔ የምፈራው ይሄኛውን ነው።

ስለዚህ ቀሪው ማንም በማይሰርዘው ረድፍ፣ በአምዱ ርዕስ ላይ፣ እንዲቆም አደረግሁ። ዲ5 ላይ (ኤክሴል ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ ሳም ማለት SUM፣ ደማሪው ነው)፦

=ሳም(ቢ$1:ቢ5)-ሳም(ሲ$1:ሲ5)

የዶላር ምልክቷ ፎርሙላው ወደ ታች ሲገለበጥ 1ኛውን ረድፍ ታጸናለች። ርዕሱ ጽሑፍ ቢሆንም ሳም ጽሑፍን ስለሚዘል ችግር የለውም። ከዓምና የዞረውን ጤፍ 2ኛው ረድፍ ላይ እንደ ገቢ አስገባሁት። በመካከል አዲስ ረድፍ ሲጨመር ፎርሙላውን እዚያ መገልበጥ ግን የግድ ነው። መዝገቡ ብዙ ሺህ ረድፍ ከደረሰም እያንዳንዱ ቀሪ ከላይ ጀምሮ ስለሚደምር ይንቀረፈፋል፤ እኔ በየዓመቱ አዲስ ፋይል እከፍታለሁ።

መጀመሪያ በቅጂው ላይ ሞከርኩት። የተደገመውን ረድፍ ሰረዝኩ፤ ቀሪው 12 ኩንታል ብቻ ቀነሰ። በማግሥቱ ከመጋዘን ጠባቂው ጋር ጆንያውን አንድ በአንድ ቆጠርን፤ ከመጨረሻው ቀሪ ጋር ገጠመ።