የእጅ ዋጋ

ትናንት ሆድ ብሶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያት አልነበረውም። ወይም ዝናቡ ነው። ደብረ ማርቆስ በነሐሴ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ጉሙ ወርዶ በር ላይ ይቆማል፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፣ ሰው ለሥራም ጋቢ ደርቦ ይወጣል። እንዲህ ባለ ቀን ማንም ባይደውልልኝ ደስ ይለኛል። የሕንፃው ባለቤት ግን ሦስቴ ደወሉ። "የመብራት ቦርዱን መቀየሪያ ዋጋ ዛሬ ማታ ላክልኝ፣ ነገ ከወንድሞቼ ጋር እንቀመጥበታለን" አሉ።

ሕንፃው ባለ አራት ፎቅ ነው። ታች ካፌና ዳቦ ቤት፣ መሃል ክሊኒክ፣ ላይ ቢሮዎች። ዋናው የመብራት ቦርድ ደረጃው ሥር፣ ከመጥረጊያና ከመወልወያ ጋር ተዳብሎ ይኖራል። ባለፈው ሳምንት ክዳኑን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ዓሣ ዓሣ የሚል። ከዚያ የዳቦ ቤቱን ብሬከር አየሁት። ነጭ የነበረው ፊቱ እንደ ቂጣ ጠብሷል። ባለ 63 አምፔር ነው፤ ከሱ የወጣው ገመድ ግን 6 ካሬ፣ ለዚያ ቀጭን ነው። ድሮ ባለ 40 ነበር አሉ። ምድጃው ሲበራ እየወረደ ሲያስቸግራቸው አንዱ ባለሙያ በትልቅ ቀይሮ ገላገላቸው። ብሬከሩ የሚወርደው እኮ ገመዱን ለማትረፍ ነው። እሱን ማን ይስማ።

ጠዋት ዳቦ ሲጋገር ገመዱን አቅፎ በሚለካው ክላምፕ ሜትር ለካሁ። ከሦስቱ የመብራት መስመሮች አንዱ ፌዝ 92 አምፔር፣ ሁለተኛው 41፣ ሦስተኛው 17። ሸክሙ ሁሉ አንድ ትከሻ ላይ። የሦስቱ መመለሻ ገመድ፣ ኒውትራሉ፣ 66 ይዞ ይሄዳል። ዋናውን አጥፍቼ የኒውትራሉን ብሎን በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ግማሽ ዙር ዞረ። ላልቷል። ይቺ ብሎን አንድ ቀን ጨርሳ ብትለቅ፣ 220 የሚፈልግ ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል። መጀመሪያ የሚነደው ደግሞ ጭነት የበዛበት መስመር አይደለም፤ ቀለል ያለው ነው። የክሊኒኩ ፍሪጅ ያለው እዚያ ባለ 17ቱ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለሕንፃው ባለቤት አስረዳኋቸው። ጋሼ በጥሞና ሰሙኝና "እስካሁን ግን ይሠራል እኮ" አሉኝ።

ማታ ቡናዬን ይዤ ላፕቶፑ ላይ ተቀመጥኩ። ዕቃው አያስቸግርም፤ ይቈጠራል። ባለ 160 ዋና ብሬከር፣ ቅርንጫፎቹ፣ የመዳብ ባስባር፣ ኬብል፣ የኧርዝ ዘንግ፣ ለነገ የሚሆን ጥቂት ክፍት ቦታ። ሰው "ሣጥን መቀየር" ይለዋል። ሣጥኑማ ቆርቆሮ ነው።

መርካቶ ያለው ወዳጄ ዋጋ ሲልክልኝ ከሥሩ "እስከ ነገ" ብሎ ይጽፋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ጀምሮ፣ ለመድነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ መዳብ ደግሞ የሚሸጠው በዶላር ነው። በዚያ ላይ ወደ 300 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት፣ ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ካልሆነ ኬብሌ ጎሐ ጽዮን ያድራል። ስለዚህ "ዋጋው የሚጸናው ለ5 ቀን ብቻ ነው" ብዬ አደመቅኩት። 15 በመቶ ቫት ጨመርኩ። "ያለ ደረሰኝስ?" ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ።

ሥራው ሌሊት ነው የሚሆነው፣ ሁለት ሌሊት። ለክሊኒኩ ፍሪጅ ጄኔሬተር ኪራይ፣ ነዳጅ። የረዳቴን ሁለት ሌሊት ሳላመነታ ጻፍኩ። ጣቴ እንኳ አልቆመም።

ቀጥሎ ያለው ረድፍ "የእጅ ዋጋ" ይላል።

ሁሌም እዚህ ጋ ስደርስ ቡናው ይቀዘቅዛል። መዳቡን የለንደን ገበያ ይተምንልኛል። የኔን ሌሊት ማን ይተምነዋል? ብዙ ብጽፍ "ለሣጥን?" ይሉኛል። ትንሽ ብጽፍ ነገ ሌላው ደንበኛ በዚያው ይይዘኛል። አባቴ ቢሆን ስንት ይጽፍ ነበር ብዬ አሰብኩ። አበቃ። ከዚያ በኋላ ሕንፃም የለ፣ ብሬከርም የለ።

ማቻከል እኛ ስናድግ የሰው ጉልበት በብር አይተመንም ነበር። ቀን በቀን ነው የሚመለሰው። ወንፈል። ዛሬ አንተ የኔን ጤፍ ታጭዳለህ፣ ማክሰኞ እኔ ያንተን። ደቦ ሌላ ነው፤ ጠላና እንጀራ አቅርበህ መንደሩን ትጠራለህ፣ እየተጫወተ ይሠራልሃል፣ ይሄዳል። ወንፈል ግን ዕዳ ነው። አባቴ ፊደል አልቈጠረም፤ ማን ስንት ቀን እንዳለበት ግን አይስትም። "እሱ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው፣ ግማሽ ቀን ነው ያለብን" ይላል። እናቴ "አንተ ሰው፣ ግማሽ ቀን እንዴት ይመለሳል?" ስትለው "እኔም ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ" ይላታል።

ያኔ አባቴ በኅዳር ሲታመም ታላቅ ወንድሜን፣ አያን፣ ጠራው። ስለ መሬቱ ሊነግረው ነው ብለን ወጣንላቸው። ለካ ያለው "ከወንዝ ማዶ ላሉት ሁለት ቀን አለብኝ" ነው። ሌላ ነገር አልተናገረም። ሰልስት ባለፈ በማግስቱ አያ ማጭዱን ይዞ ወጣ። አበዳሪው ሰውዬ በር ላይ ቆመው "ምን በወጣህ ልጄ፣ እኔ ይቅር ብያለሁ" ብለው ሊመልሱት ሞከሩ አሉ። አያ "እዚያ እንዳይጠይቁት ነው" ብሏቸው ገባ። ሁለት ቀን አጭዶ መጣ። ማታ ሲመለስ ከሉ ላይ የጤፍ ገለባ ተጣብቆበት ነበር፤ እናቴ አንድ በአንድ እየለቀመች አራገፈችለት።

እኔስ? እቤት ነበርኩ። አብሬው ብወጣ ዕዳው በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። "ፈተና አለብኝ" ብዬ ደብተር ይዤ ምድጃ ዳር ተቀመጥኩ። ፈተናው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። የኦም ሕግ ነው፣ አንድ መስመር የኤሌክትሪክ ቀመር፤ ለሁለት ሳምንት የሚሆን ጥናት የለውም።

እንግዲህ ለአያ የአንድ ቀን ወንፈል አለብኝ። ባለፈው ዓመት ቤቱን መብራት ሳስገባለት ሦስት ቀን ሠራሁና በሆዴ "ከፈልኩ" አልኩ። ስንሰነባበት ግን አላስቻለኝም፣ "አያ፣ ያቺ ቀን ተከፈለች በለኝ" አልኩት።

"የቷ ቀን?" አለኝ።

ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። ብቻውን መሄዱን ያስታውሳል፤ እኔ እቤት እንደ ነበርኩ ግን ጭራሽ አያስታውስም። "አንተማ ማርቆስ ነበርክ" አለኝ። ላርመው አልኩና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቀን የማን እንደሆነች አላውቅም። አበዳሪው የረሳው ዕዳ ለማን ይመለሳል? ሦስቱንስ ቀን በምን ሒሳብ ያዝኩት?

ይህን ሳብሰለስል ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው፣ መብራትም ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ቀይ አሳየ። ሳይጠፋብኝ ብዬ ፋይሉን በቴሌግራም ላክሁና ጋቢዬን ተከናንቤ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት የድምፅ መልእክት ጠበቀኝ። "እንዴት አደርክ ወንድሜ። ሁላችንም አይተነዋል። የእጅህን ዋጋ ስለተውክልን እግዜር ይስጥህ፣ እንዳንተ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል። ብሬከሩ ላይ ግን ትንሽ ቀንስልን።"

ሦስቴ ሰማሁት። ከዚያ ፋይሉን ከፈትኩት። ረድፉ ባዶ ነው። ኤክሴልም ባዶውን እንደ ዜሮ ይዞ፣ ሳይጠይቀኝ ሳይነግረኝ ደምሮልኛል።

መልስ እየጻፍኩ እያጠፋሁ ረፈደ። "ጋሼ፣ ስሕተት ነው" ልበል? ወንድማማቾቹ ተሰብስበው መርቀውኛል እኮ። ረዳቴ ከጎኔ ሆኖ ስልኬን አጮልቆ አየና "የኔ ሁለት ሌሊትስ አለ?" አለኝ። አለ። ቫቱም ተጨምሮበታል።